አሮጌ መጽሐፍ በምን ይጠገናል? የጋይንት መጻሕፍትና የሙጫ ታሪክ

(በሬዲዮ ከተሰማው ንግግር የተወሰደ)



ከእናንተ መካከል በቤቱ ሣጥን ውስጥ ከአባት ከአያት የተላለፈ አንድ የብራና ዳዊት፣ አለዚያም ጀርባው የተገነጠለ፣ ወረቀቱ የገረጣ አንድ የድሮ ማተሚያ ቤት መጽሐፍ የሌለው ሰው ጥቂት ይመስለኛል። እንዲህ ያለው መጽሐፍ አንድ ቀን ቅጠሉ ሲላቀቅ ወይም ገበታው ሲሰነጠቅ ባለቤቱ ያዝናል፤ አዝኖም ዝም አይልም፤ ከመሥሪያ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ስኮቹን ወይም ነጩን ኮላ አንሥቶ ለመጠገን እጁ ይቸኩላል። የዛሬው ንግግር ስለዚሁ ችኰላ ነው። ነገሩ ለስሙ የሙጫ ነገር ነው፤ ነገር ግን ከጦርነትና ከቃጠሎ የተረፉ መጻሕፍት በሰላም ጊዜ፣ በወዳጅ እጅ፣ በአንዲት ጠብታ ማጣበቂያ ሲበላሹ ታይቷልና እንደ ቀላል የሚታለፍ አይደለም።

ታሪኩን ከጋይንት እንጀምር። በደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል፣ ከእስቴና ከስማዳ ጋር ተጎራብቶ የሚገኘው የጋይንት አገር ላይና ታች ተብሎ ይከፈላል፤ የላይ ጋይንት ከተማ ነፋስ መውጫ ሲሆን የታች ጋይንት ደግሞ አርብ ገበያ ነው። ስሙ ራሱ እንደሚያስረዳው በሳምንቱ ዓርብ የሚቆም ገበያ ያፈራው ከተማ ነው። ለመጻሕፍት ታሪክ ግን ይህን አገር ያስከበረው ገበያው ሳይሆን የቤተ ልሔም ደብር ነው። ቤተ ልሔም የድጓ ምስክር ቤት ናት፤ የድጓ መምህር ለመሆን የሚሻ ደቀ መዝሙር በሌላ አገር ምን ያህል ቢማር ወደዚህች ደብር መጥቶ ሳይፈተንና ሳይመሰከርለት ትምህርቱ እንደ ተፈጸመ አይቈጠርም ነበር። ከዚያ ብዙ ሳይርቅ የሚገኘው ቆማ ፋሲለደስም የቆማ ዜማ የሚባለው ስልት መነሻ ነው። ቶማስ ፓክንሃም የተባለ የእንግሊዝ ጸሐፊ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1959 ባሳተመው መጽሐፉ እንደ ገለጸው፣ የቤተ ልሔም ቤተ ክርስቲያን ከውጭ ሲያዩዋት እንደ ማንኛዋም የገጠር ቤተ ክርስቲያን ክብ የሣር ክዳን ናት፤ ወደ ውስጥ ሲገቡ ግን በዚያ ክዳን ሥር ተሸሽጎ የቆየ አራት ማዕዘን የሆነ የመካከለኛው ዘመን ሕንጻ ይገኛል። የአገራችንም መጽሐፍ እንዲሁ ነው፤ ከላይ ያለው ቆዳ አዲስ ሆኖ ውስጡ ስድስት መቶ ዓመት ያለፈው ሊሆን ይችላል።

ድጓን ለመማር ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ድጓ ነው። ማተሚያ ባልነበረበት ዘመን ተማሪው ይህን ታላቅ መጽሐፍ የሚያገኘው ራሱ ጽፎ ነበር። ቃሉን በአንድ በኩል ይጽፋል፤ ከቃሉ በላይ ደግሞ የዜማውን ምልክት በጥቃቅን ፊደላት ያሳርፋል። ይህ ምልክት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል በተባሉ ሊቃውንት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ ማለት በ16ኛው መቶ ዓመት፣ እንደ ተደነገገ በትውፊት ይነገራል። እንግዲህ አንባብያን ልብ በሉ፤ የድጓ ተማሪ ዘማሪ ብቻ አልነበረም፤ ብዙውን ጊዜ ብራና ፋቂም፣ ቀለም ቀማሚም፣ ጸሐፊም፣ ጠራዥም እርሱ ራሱ ነበር። መጽሐፉ በተቀደደ ጊዜ ወደ ማን ሔዶ እንደሚያስጠግን አይጨነቅም፤ እንዴት እንደ ተሠራ ያውቃልና።

እንዴትስ ይሠራል? አብዛኛውን ጊዜ የፍየል ሌጦ በውሃ ተነክሮ፣ በእንጨት ላይ ተወጥሮ፣ ሥጋውና ጠጕሩ እስኪጠፋ ይፋቃል፤ ደርቆና ለስልሶ ብራና ይሆናል። ብራናው ተቆርጦና ታጥፎ ጥራዝ ይባላል። ጥራዞቹ እርስ በርሳቸው እንደ ሰንሰለት በሚያያዝ ስፌት ይሰፋሉ፤ ያው ክር በገበታው ጠርዝ በተበሱት ቀዳዳዎች አልፎ ገበታውን ከጥራዙ ጋር ያስተሳስራል። ገበታው ብዙውን ጊዜ የዋንዛ እንጨት ነው። ይህ ዐይነቱ ስፌት በግብፅ በጥንት ክርስቲያኖች መጻሕፍትም የታወቀ ነው። ከዚህ በኋላ ባለቤቱ አቅም ያለው እንደሆነ ገበታው ድጉስ በሚባለው የተጌጠ ቆዳ ይለበጣል፤ ሲጨረስም ማኅደር ይሰፋለትና በግድግዳው ችካል ላይ ይንጠለጠላል፤ ከአይጥና ከምድር እርጥበት የሚርቀው በዚህ ነው።

በዚህ ሁሉ ሥራ ሙጫ የገባው የት ላይ ነው? ቆዳው በገበታው ላይ ሲለበጥ ብቻ ነው፤ ለእርሱም የሚበቃው የዱቄት ሙጫ ነው። የመጽሐፉ ጀርባ፣ ማለት ጥራዞቹ የተሰፉበት ወገን፣ ሙጫ አይነካውም። አውሮፓውያን ጠራዦች የመጽሐፉን ጀርባ ከእንስሳ ቆዳና አጥንት ተቀቅሎ በሚወጣ ሙጫ ሲያጠናክሩ ሳለ የእኛ ሰዎች መጽሐፉን ለክርና ለመርፌ ብቻ ተዉት። በዚህም የተነሣ የብራና መጽሐፍ በአትሮንስ ላይ ሲዘረጋ ያለ ትግል ይከፈታል፤ ክሩ ባለቀ ጊዜም ይፈታና እንደ ገና ይሰፋል፤ ቅጠሉ አይጎዳም።

ጥገናውም ይህንኑ መንገድ የተከተለ ነው። በየገዳማቱና በየቤተ መጻሕፍቱ የአገራችንን ብራናዎች ያገላበጠ ሰው ሁሉ አይቶታል፤ ቅጠሉ በተቀደደበት ቦታ በቀጭን ክር ተሰፍቷል፤ ብራናው ገና ሲፋቅ የተበሳም እንደሆነ ቀዳዳው ዙሪያው ተሰፍቶ ጸሐፊው ቃሉን በዚያ ዙሪያ እያዞረ ጽፏል። ገበታው ለሁለት ሲሰነጠቅ በስንጥቁ ግራና ቀኝ በወስፌ ይበሳና በጅማት ወይም በጠፍር፣ በኋላ ዘመንም በሽቦ ይታሰራል። ይህን ያየ የከተማ ሰው «ድህነት ነው» ይል ይሆናል። እኔም በወጣትነቴ እንዲሁ ብዬ ነበር፤ ያልሁበትን ምክንያትና ያስከተለብኝን ነገር ቀጥዬ እነግራችኋለሁ።

ከዛሬ አርባ ዓመት በፊት ገደማ በአንድ መሥሪያ ቤት በመዝገብ ቤት ጸሐፊነት እሠራ ነበር። አያቴ የጋይንት ሰው ነበሩ፤ ካህን ባይሆኑም ዳዊት ደጋሚ ነበሩና ሲሞቱ ዳዊታቸው ለአባቴ፣ ከአባቴም ለእኔ ደረሰ። በመጽሐፉ መጨረሻ ባለው ባዶ ቅጠል ላይ አያቴ የልጆቻቸውን የክርስትና ቀን በየተራ ጽፈውበታል። ይህ ልማድ ለአንባብያን እንግዳ አይሆንም፤ በአገራችን የርስትና የጉልት ስጦታ ሳይቀር በወንጌል ኅዳግ ይመዘገብ ነበር፤ የታሪክ ጸሐፊዎችም ዛሬ የሚደገፉት በእነዚሁ ማስታወሻዎች ነው። ያች ቅጠል ከላይ እስከ ታች ተቀዳ ነበርና አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ዳዊቱን ወደ ቢሮ ወስጄ በመሥሪያ ቤቱ ስኮች በሁለቱም በኩል ለጠፍኋት፤ የጥራዙንም ጀርባ ነጭ ኮላ ቀባሁት። እውነቱን ለመናገር ሥራዬ አኰራኝ፤ ለባልደረቦቼም አሳየሁ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ስኮቹ ቢጫ ሆነ፤ ጠርዙም እየተቀለበሰ አቧራ ያዘ። ዳዊቱ ሲገለጥ ኮላው የያዘው ጀርባ እንደ ደረቅ እንጀራ ይንኰሻኰሽ ጀመር፤ ቅጠሎቹም ከስፌቱ ላይ ሳይሆን ከእጥፋታቸው ላይ መቀደድ ያዙ። በዘመድ ጕዳይ ወደ አርብ ገበያ በሔድሁ ጊዜ መጽሐፉን ይዤ ጥርዝ የሚያውቁ አንድ አረጋዊ የድጓ መምህር ዘንድ ቀረብሁ። ተቀብለው ሳሙት፤ ገለጡት፤ ዝም አሉ።

«ልጄ፣ ይህን ያደረገው ማን ነው?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ፣ የኔታ።»

«ሲጣበቅ አይተሃል። ሲላቀቅስ ምን እንደሚሆን አይተህ ነበር?»

አላየሁም ነበር። በዚያው ቀን አየሁት። የስኮቹን ጫፍ በጥፍራቸው ቀስ ብለው ቢያነሡት ፊልሙ ከነቀለሙ ተነሣ።

ክቡራን አንባብያን፣ የመጽሐፍ ጥገና ሊቃውንት በዓለም ሁሉ ዛሬ ከሁሉ አስቀድመው የሚጠይቁት ያንኑ የየኔታን ጥያቄ ነው፤ የተጣበቀው ነገር ሲላቀቅ ምን ይሆናል? ወደዚህ ጥያቄ የደረሱት ግን ብዙ ጥፋት ካዩ በኋላ ነው።

የዱቄት ሙጫ እጅግ ጥንታዊ ነው። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ79 ከቬሱቪየስ እሳተ ገሞራ ጋር በተያያዘ ሕይወቱ ያለፈው ሮማዊው ፕሊኒ ስለ ፓፒሩስ አሠራር ሲጽፍ፣ ቅጠሎቹ የሚያያዙት ከደኅና ዱቄትና ከፈላ ውሃ ጥቂት ኮምጣጤ ተጨምሮበት በሚሠራ ሙጫ እንደሆነ ይናገራል፤ የአናጢ ሙጫና የዛፍ ሙጫ ግን ሲደርቁ ስለሚሰባበሩ ለዚህ ሥራ እንደማይሆኑ ጨምሮ ያስረዳል። ሙጫውም ከተሠራ አንድ ቀን የሞላው፣ ከዚያ ያላነሰና ያልበለጠ እንዲሆን ይመክራል። የእኛ የግራር ሙጫም ከዚህ ፍርድ አያመልጥም፤ በቀለም ውስጥ ጥላሸቱን አስተባብሮ ለመያዝ የታወቀ ነው፤ ብቻውን ተቀብቶ ሲደርቅ ግን እንደ መስተዋት ይሰነጣጠቃል።

ጃፓኖች ደግሞ ነገሩን ወደ ሌላ ደረጃ አደረሱት። ፉሩኖሪ የሚሉትን የስንዴ ስታርች ሙጫ በማሰሮ ከድነው በቀዝቃዛ ቦታ እስከ አሥር ዓመት ያህል ያስቀምጡታል። የሚያስቀምጡት እንዲበረታ እንዳይመስላችሁ፤ እንዲደክም ነው። የጥቅል ሥዕላቸው ሲጠቀለልና ሲዘረጋ እንዳይሰበር ሙጫው ለስላሳና ደካማ መሆን አለበት። ለእኛ ለከተማ ሰዎች ይህ የተገላቢጦሽ ይመስላል፤ ወደ ሱቅ ስንገባ የምንጠይቀው «ጠንካራው የትኛው ነው?» ብለን ነውና።

የአውሮፓ ሰዎች መንገድ ከዚህ ይልቅ ጠመዝማዛ ነበር። በ1898 የቫቲካን ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ የነበሩት ፍራንዝ ኤርሌ ስለ አሮጌ መጻሕፍት አጠባበቅ የሚመክር ጉባኤ በስዊስ አገር በሳንክት ጋለን ሰበሰቡ። በዚያ ዘመን አንዳንድ የጀርመን ባለ መዛግብት ዛፖን የሚባል፣ ከሴሉሎስ ናይትሬት የተሠራ ፈሳሽ ያመሰግኑ ነበር፤ ወረቀቱን ግልጥልጥ አድርጎ ያጠነክራል ተባለለት። ዓመታት ሲያልፉ ግን ቢጫ ሆነ፤ ተሰባበረ፤ ለእሳትም የተመቸ መሆኑ ታወቀ። ቀጥሎ በ1930 በአሜሪካ ስኮች ተሠራ። በ1947 ገደማ በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻዎች የተገኙትን የብራና ጥቅሎች በ1950ዎቹ በኢየሩሳሌም ያጠኑ የነበሩት ሊቃውንት፣ በሺህ የሚቈጠሩትን ቍርጥራጮች ያገጣጠሙት በዚሁ ስኮች ነበር። ሁለት ሺህ ዓመት በዋሻ የኖረው ብራና በጥቂት ዐሠርት ዓመታት ውስጥ የስኮቹ ሙጫ ሠርጎበት ጠቈረ። ከ1991 ጀምሮ በዚያ የተቋቋመው የጥገና ክፍል ብዙ ዘመን የፈጀው አዲስ ጥገና በማድረግ አይደለም፤ ያን ስኮች በማንሣት ነው።

የኮላውም ታሪክ ከዚህ የተሻለ አይደለም። የግሪካዊው የአርኪሜዴስ ድርሰት የተጻፈበት፣ በኋላም ተፍቆ የጸሎት መጽሐፍ የሆነው ብራና በአሜሪካ በባልቲሞር ከተማ ወደሚገኘው ዎልተርስ ቤተ መዘክር በገባ ጊዜ፣ ጀርባው በ20ኛው መቶ ዓመት ፖሊቪኒል አሲቴት በሚባለው ኮላ ተቀብቶ ተገኘ። ይህ በየሱቁ የሚሸጠው የነጩ ኮላ ዘመድ ነው፤ አንድ ጊዜ ከደረቀ በውሃ አይለቅም። ባለሙያዎቹ መጽሐፉን ከጥራዙ ለመፍታት ብቻ አራት ዓመት ያህል ፈጀባቸው።

በአገራችን ደግሞ በዐድዋ አጠገብ የሚገኘው የአባ ገሪማ ወንጌል አለ። በራዲዮካርቦን በተደረገው ምርመራ ዕድሜው ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ዓመት ባለው ዘመን ውስጥ ይወድቃል። ቀድሞ በተደረገለት ጥገና የቅጠሎቹ ተራ ተፋልሶ ነበር። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ2006 የእንግሊዝ አገር ጠራዦች መጥተው መጽሐፉ ከገዳሙ ሳይወጣ በዚያው ጠገኑት። መነኰሳቱ እንዳይወጣ መከልከላቸው ሊያስመሰግናቸው ይገባል፤ ባለሙያ ወደ መጽሐፍ ይሔዳል እንጂ መጽሐፍ ወደ ባለሙያ ሲሔድ አለመመለሱን መቅደላ አስተምሮናል።

ምክንያቱን ባጭሩ ላስረዳ። ብራና ቆዳ ነው፤ በክረምት እርጥበት ሲጠጣ ይሰፋል፤ በበጋ ሲደርቅ ይኰማተራል። እንደ ጋይንት ባለው ደጋ ይህ መስፋትና መኰማተር በየዓመቱ ይመላለሳል። ክር በዚህ ጊዜ ከቅጠሉ ጋር ይላላል፣ ይጠብቃል። ደረቅ ኮላ ግን አይንቀሳቀስም፤ ከሁለቱ አንዱ መሸነፍ ስላለበት የሚቀደደው ቅጠሉ ነው። ስለዚህ ማጣበቂያ ምንጊዜም ከሚጣበቀው ነገር ይልቅ ደካማ መሆን አለበት የሚለው ደንብ ወጣ። ጥገናው ቢለቅ እንደ ገና ይጠገናል፤ መጽሐፉ ቢቀደድ ግን ማን ይተካዋል?

እንግዲህ በቤታችሁ ያለው መጽሐፍ ብራና እንደሆነ ምክሬ ሙጫ አታቅርቡበት የሚል ነው። ውሃነት ያለው ሙጫ ሁሉ ብራናውን ያኰማትራል፤ ከጥላሸት የተሠራውን ቀለማችንንም ያነሣዋል። ባለሙያዎች በጣም የወፈረ የስታርች ሙጫ ወይም ጄላቲን በብሩሽ ጫፍ ነክተው ይጠቀማሉ፤ እርሱ የእነርሱ እጅ ሥራ ነው። እናንተ በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ጠቅልላችሁ፣ ከግድግዳ እርጥበት አርቃችሁ አኑሩት። ፀሐይ ላይ አታስጡት፤ ካውያም አታሳርፉበት፤ ሙቀት ብራናን እንደ ቅንጬ ያሳርረዋል ባልል እንኳ እንደ ጥብስ ያጨማትረዋል። የተለበጠው ቆዳ አርጅቶ ቀይ ዱቄት የሚያራግፍ ከሆነ ደግሞ ውሃ የነካው ቦታ ወዲያው ይጠቍራል፤ ስለዚህ በእርጥብ ጨርቅ አትወልውሉት።

የወረቀት መጽሐፍ እንደሆነ ግን የዱቄት ሙጫ ከማንኛውም የሱቅ ዕቃ ይበልጣል። በ1914 ዓ. ም. የተቋቋመው ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ካወጣቸው የጥንት መጻሕፍት አንዱ ቅጠሉ ቢቀደድባችሁ እንዲህ አድርጉ። የስንዴ ዱቄት በጥቂት ውሃ አቡክታችሁ ጥቂት አሳርፉት፤ ከዚያ ሊጡን በነጠላ ቋጥራችሁ በንጹሕ ውሃ ውስጥ ደጋግማችሁ እሹት። ነጭ ወተት የመሰለ ውሃ ይወጣል፤ በጨርቁ ውስጥ የሚቀረው ላስቲክ የመሰለ ነገር ግሉተን ይባላል፤ እርሱን ጣሉት፤ ጥገናውን የሚያደርቀውና ብልን የሚጠራው እርሱ ነው። ውሃው ሲያድር ስታርቹ ይዘቅጣል። የላዩን አፍስሳችሁ ከዝቃጩ አንድ እጅ በአራት ወይም በአምስት እጅ ውሃ በለዘብተኛ እሳት ላይ እያማሰላችሁ ግማሽ ሰዓት ያህል አብስሉ። እመቤቶች አብሲት ሲጥሉ ያያችሁ ነገሩ አይጠፋችሁም፤ ነጭነቱ ወደ ግልጥነት ሲለወጥ በስሏል። ሲቀዘቅዝ በወንፊት አጥልሉት፤ ጨውም ስኳርም አይግባበት። በጥቂት ቀን ውስጥ ስለሚሻግት ብዙ አታዘጋጁ።

ሲጠግኑም የቀደዳውን ጠርዝ በስሱ ነክቶ፣ በላዩ ቀጭንና ጠንካራ ወረቀት ለጥፎ፣ በንጹሕ ጨርቅ መካከል ጥቂት ክብደት ጭኖ ማድረቅ ነው። ከስሕተት ላይ ብትወድቁ ጥቂት እርጥበት ሰጥታችሁ ታነሡታላችሁ። በዚህ ዐይነት ሙጫ ነበር ቀድሞ በየቤቱ ግድግዳ ላይ ጋዜጣ ሲለጠፍ የኖረው፤ ምናልባትም ይህ ጽሑፍ አንድ ቀን በዚያው ዕድል ይደርሰው ይሆናል፤ ጸሐፊው ቅር አይለውም።

ከብራና መጻሕፍታችን ብዙዎቹ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1973 ጀምሮ በተደረገው ሥራ በማይክሮፊልም ተነሥተው ቅጂያቸው በአሜሪካ በሚኒሶታ ጭምር ይገኛል። ይህ ቃሉን አድኗል። ይሁን እንጂ ፊልም የተነሡት በአብዛኛው የአብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት ነበሩ፤ በየሣጥናችን ያሉትን ዳዊቶች የሚቈጥራቸው የለም።

የኔታ የእኔን ዳዊት ለሁለት ሳምንት ያህል ይዘውት ቈዩ። ኮላውን ከጀርባው ላይ በጥፍርና በጭራሮ ጫፍ የቻሉትን ያህል ፈቀፈቁት፤ ጥራዙን ፈትተው እንደ ገና ሰፉት፤ የተቀደደችውንም ቅጠል ከብራና ቍራጭ በወጣ ቀጭን ክር ጠቅሟት። ዋጋውን ብጠይቃቸው ለመጽሐፉ አንድ ማኅደር እንዳሰፋለት ብቻ አዘዙኝ። ከተነሣው ስኮች ሥር የነበረው የአባቴ የክርስትና ማስታወሻ ነበር። ስማቸውና ወሩ በቅጠሉ ላይ ቀርቷል። ዓመተ ምሕረቱ የለም። ስኮቹን አልጣልሁትም፤ በፖስታ አድርጌ በማኅደሩ ኪስ ውስጥ አኑሬዋለሁ። ከብርሃን ፊት ሲያዝ ፲፱፻ የሚለው ተገልብጦ ይነበባል፤ ከእርሱ ቀጥሎ የነበረው አኃዝ ግን በቢጫው ሙጫ ውስጥ ፈስሷል።